ኢሊያ ሜችኒኮቭና የደማችን ወታደሮች

የሉዊ ፓስተርንና የሮበርት ኮኽን ስም ያልሰማ ተማሪ ጥቂት ነው። የኢሊያ ሜችኒኮቭ ስም ግን በመካከላችን ብዙ ጊዜ ሲነሣ አይሰማም። ፓስተርና ኮኽ በሽታን የሚያመጡትን ረቂቃን ጀርሞች ሲገልጡልን፥ ሜችኒኮቭ ደግሞ ጀርሞቹ ከገቡ በኋላ ሰውነታችን ራሱ እንዴት አድርጎ እንደሚዋጋቸው በዐይኑ አይቶ ለዓለም አስረድቷል። ስለዚህ የዚህን ሊቅ የሕይወት ታሪክ በዚህ ዓመት መጽሔታችን ላይ ለአንባቢያን ላቀርብ ወደድሁ።

እርሱን የመረጥሁበት ሌላም ምክንያት አለኝ። በአገራችን በደጋውና በወይና ደጋው፥ በጋይንታችንም ጭምር፥ ቁንጭር የሚባል የቆዳ ቍስል አለ። ይህ በሽታ በሰው ገላ ውስጥ መኖሪያ አድርጎ የሚይዘው ሜችኒኮቭ ስም ያወጣለትን ሕዋስ ነው። እንግዲህ ሰውየው የሩቅ አገር ሰው ቢሆንም ነገሩ የቤታችን ነገር ነው።

ሜችኒኮቭ የተወለደው በ1845 ዓ.ም. በግንቦት ወር፥ ዛሬ የዩክሬን ግዛት በሆነው በካርኮቭ ከተማ አካባቢ ባለ የገጠር መንደር ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።) በዚያ ዘመን አገሩ የሚገዛው በሩሲያ ንጉሠ ነገሥት ነበር። አባቱ የክብር ዘበኛ መኰንን የነበረ ሲሆን፥ ኢሊያ ለወላጆቹ የመጨረሻ ልጅ ነበር። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ዕፀዋትንና ነፍሳትን መመልከት ይወድ ነበር። ገና ትንሽ ልጅ ሳለም ወንድሞቹንና የመንደሩን ልጆች ሰብስቦ፥ እንዳይሰለቹበትም ከኪሱ ገንዘብ እየሰጠ፥ ያየውን ሁሉ ያስተምራቸው እንደ ነበር ይነገራል።

ካርኮቭ ዩኒቨርሲቲ በገባ ጊዜ የአራቱን ዓመት ትምህርት በሁለት ዓመት ጨርሶ በ1864 ዓ.ም. ተመረቀ። ከዚያም ወደ ጀርመንና ወደ ኢጣሊያ ሄዶ ታናናሽ እንስሳትን ያጠና ጀመር። በ1865 ዓ.ም. በጀርመን አገር በጊሰን ከተማ ሳለ አንድ ጠፍጣፋ ትል በአጉሊ መነጽር ሲመለከት፥ የትሉ ምግብ በሕዋሶቹ ውስጥ ገብቶ እንደሚፈጭ አየ። ሕዋስ ማለት ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ የተሠራበት ረቂቅ ክፍል ነው፤ ቤት ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርድሮ እንደሚሠራ፥ ሰውነትም በሕዋሳት ተሠርቷል። ያ ያየው ነገር በዚያን ጊዜ ታላቅ ነገር አልመሰለም፤ ከ17 ዓመት በኋላ ግን የሥራው ሁሉ መሠረት ሆነ።

በ1867 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመልሶ በኦዴሳ ዩኒቨርሲቲ መምህር ሆነ። ዕድሜው ገና 22 ዓመት ስለ ነበር ከተማሪዎቹ መካከል አንዳንዶቹ በዕድሜ ይበልጡት ነበር።

የቤቱ ሕይወት ግን ኀዘን የበዛበት ነበር። በ1869 ዓ.ም. ሉድሚላ የምትባል ልጃገረድ አገባ። ሙሽራይቱ በሳንባ ነቀርሳ ተይዛ ስለ ነበር፥ በሠርጓ ቀን መራመድ አቅቷት በወንበር ላይ ሆና ሰዎች ተሸክመው ወደ ቤተ ክርስቲያን አስገቧት። ሜችኒኮቭ አራት ዓመት ያህል ሲያስታምማትና ሞቃት አየር ወዳለበት አገር ሲያመላልሳት ቆየ፤ እርሷ ግን በ1873 ዓ.ም. በማዴይራ ደሴት ሞተች። በዚያን ጊዜ ለሳንባ ነቀርሳ መድኀኒት ሊገኝለት ይቅርና ጀርሙም ገና አልታወቀም ነበር። ሜችኒኮቭ ከኀዘኑ ጽናት የተነሣ ራሱን ለማጥፋት ሞክሮ በሕይወት ተረፈ።

በ1875 ዓ.ም. ኦልጋ የምትባለውን ሁለተኛ ባለቤቱን አገባ፤ እርሷም እስከ ዕድሜው መጨረሻ የሥራው ረዳት ሆነች። በ1880 ዓ.ም. ኦልጋ ደግሞ በአንጀት ተስቦ በጽኑ ታመመች። በሚከተለው ዓመት ሜችኒኮቭ ራሱ፥ ተስፋ ቈርጦ ሳለ፥ የሚያገረሽ ትኩሳት ከያዘው ሕመምተኛ ደም ወስዶ ወደ ገላው አስገባና ለሞት ደርሶ ዳነ። ይህ ትኩሳት በእኛም አገር በቅማል የሚተላለፈው ነው። እንግዲህ ይህ ሰው በሽታን በመጽሐፍ ብቻ ያወቀ ሰው አልነበረም።

በዚያው በ1881 ዓ.ም. የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ አሌክሳንደር ተገደለ። ከዚያም በኋላ በዩኒቨርሲቲው ሁከት ስለ በዛ ሜችኒኮቭ በ1882 ዓ.ም. ሥራውን ለቀቀ። ከባለቤቱና ከታናናሽ ወንድሞቿና እኅቶቿ ጋርም በሲሲሊ ደሴት ወደምትገኘው ወደ መሲና ከተማ ሄዶ በባሕር ዳርቻ ተቀመጠ። የምርምር ክፍሉም የተከራየው ቤት ሳሎን ነበር።

አንድ ቀን ቤተ ሰቡ ሁሉ የሠለጠኑ ዝንጀሮዎችን ጨዋታ ለማየት ወደ ሰርከስ ሲሄዱ፥ እርሱ ከአጉሊ መነጽሩ ጋር ብቻውን ቀረ። የሚመለከተው የባሕር ኮከብ የሚባለውን እንስሳ ዕጭ ነበር። የዚህ ዕጭ ገላ እንደ መስተዋት ስለሚያሳይ በውስጡ ወዲያና ወዲህ የሚንቀሳቀሱት ሕዋሳት በግልጽ ይታያሉ። በዚያን ጊዜ፥ እነዚህ ሕዋሳት ምግብን ብቻ ሳይሆን ጠላትንም የሚበሉ ቢሆኑስ የሚል ሐሳብ መጣለት። ነገሩ እንዲህ ከሆነ፥ ዕጩን እሾህ ቢወጋው ሕዋሳቱ ወደ እሾሁ ሊሰበሰቡ ይገባል ብሎ አሰበ። ስለዚህ በግቢው ካለው ከጽጌረዳ ተክል ጥቂት እሾህ ለቅሞ ከዕጮቹ ቆዳ ሥር ሰካ። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደውም። ሲነጋ ሄዶ ቢመለከት ሕዋሳቱ እሾሁን እንደ ሠራዊት ከበውት አገኛቸው።

በእኛ አገር እሾህ ያልወጋው እረኛ የለም። እሾህ በእግራችን ገብቶ ሳይወጣ ቢያድር ቦታው ይቀላል፥ ያብጣል፥ ይጠዘጥዛል፤ በኋላም መግል ይቋጥራል። ያ መግል አብዛኛው ለውጊያ ተሰብስበው የሞቱ ነጭ የደም ሕዋሳት ነው። ከሜችኒኮቭ በፊት ዩልዩስ ኮንሃይም የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም በ1867 ዓ.ም. በእንቍራሪት ላይ ሲመረምር፥ ነጭ ሕዋሳት ከደም ሥር ግድግዳ ላይ ተለጥፈው ቀስ በቀስ ወደ ውጭ ሲወጡ አይቶ ነበር። ነገር ግን ብዙ ሐኪሞች ነጭ ሕዋሳት ጀርምን ተሸክመው በሰውነት ውስጥ ይበትናሉ ብለው ያምኑ ነበር። ሜችኒኮቭ ግን ሕዋሳቱ የሚወጡት ሰውነትን ለመጠበቅ ነው አለ። በ1883 ዓ.ም. እነዚህን ሕዋሳት ፋጎሳይት ብሎ በግሪክ ቃል ጠራቸው፤ ትርጓሜውም በላተኛ ሕዋስ ማለት ነው። ከእነርሱም ውስጥ ትልልቆቹን ማክሮፋጅ አላቸው።

በ1884 ዓ.ም. ደግሞ በኩሬ ውኃ ውስጥ የሚኖር ዳፍንያ የሚባል ኢምንት እንስሳ መረመረ። እንስሳው ከምግቡ ጋር ሻጋታ መሰል ጀርም ሲውጥ፥ ሕዋሳቱ ጀርሙን ከበው ከበሉት እንስሳው ይድናል፤ ጀርሙ ከበለጣቸው ግን ይሞታል። ሜችኒኮቭም ይህን ባየ ጊዜ በሽታ ማለት በጀርምና በሕዋስ መካከል የሚደረግ ጦርነት መሆኑን ተረዳ።

በ1886 ዓ.ም. በኦዴሳ ከተማ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት የሚሰጥበት ተቋም ሲከፈት ዲሬክተር ሆኖ ተሾመ፤ ነገር ግን ሐኪም ስላልነበረ ብዙ ተቃውሞ ደረሰበት። ስለዚህ በ1888 ዓ.ም. ወደ ፓሪስ ሄደ። ሽማግሌው ፓስተርም በስሙ በተሠራው ተቋም ውስጥ የምርምር ክፍል ሰጠው። ሜችኒኮቭ 28 ዓመት ሙሉ በዚያ ሠራ።

በእነዚህ ዓመታት ከጀርመን ሊቃውንት ጋር ታላቅ ክርክር ነበረበት። ቤሪንግና ኪታሳቶ በ1890 ዓ.ም. በደም ፈሳሽ ውስጥ መርዝን የሚያከሽፍ ነገር መኖሩን ስላሳዩ፥ የጀርመን ሊቃውንት ሰውነትን የሚጠብቀው ፈሳሹ ነው እንጂ ሕዋሱ አይደለም ይሉ ነበር። ኋላ ግን ሁለቱም ወገኖች ከእውነቱ ድርሻ እንዳላቸው ታወቀ። በፈሳሹ ውስጥ ያለው ነገር በጀርሙ ላይ ሲለጠፍ፥ በላተኛው ሕዋስ ጀርሙን ለመያዝ ይቀልለዋል። ስለዚህ በ1908 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ለሜችኒኮቭና ለጀርመናዊው ለፓውል ኤርሊኽ በአንድነት ተሰጠ።

በሽምግልናው ጊዜ ስለ እርጅና ይመራመር ነበር። እርጎ የሚጠጡ ሰዎች ዕድሜ ይረዝማል ብሎ ያምን ስለ ነበር እርሱም ዘወትር የረጋ ወተት ይጠጣ ነበር። ስለ እርጎና ስለ ዕድሜ ያለው ሁሉ በኋላ ሰዎች ምርምር አልጸናለትም፤ ቢሆንም በሆዳችን ውስጥ ያሉት ረቂቃን ፍጥረታት ለጤናችን ምን ያህል እንደሚያስፈልጉ ዛሬ በብዙ ይመረመራል። ሜችኒኮቭ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ገና ሳያልቅ፥ በ1916 ዓ.ም. ሐምሌ ወር፥ በልብ ድካም በፓሪስ ሞተ። ዕድሜውም 71 ዓመት ነበር። ዐፅሙ ተቃጥሎ አመዱ በፓስተር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተቀመጠ።

እርሱ ከሞተ በኋላ አንድ ታላቅ ጥያቄ ሳይመለስ ቆየ። ደም በደም ሥር ውስጥ በፍጥነት ይሮጣል። ታዲያ በደም ተወስዶ የሚያልፈው ነጭ ሕዋስ እሾህ ከወጋው ቦታ ሲደርስ ምን ያቆመዋል? ሕዋሱ ዐይንም እጅም የለውምና።

መልሱ የተገኘው አብዛኛው ከ1980ዎቹ ዓመታት ወዲህ ነው። ነገሩን በምሳሌ ላስረዳ። በክረምት የበሽሎ ሙላት የወሰደው ሰው መጀመሪያ የሚጨብጠው በወንዙ ዳር ያለውን ሣር ነው። ሣሩ እየተነቀለ ቢቀርበትም ፍጥነቱን ይቀንስለታል፤ ቀጥሎም ጠንካራ የዛፍ ሥር ካገኘ አጥብቆ ይዞ ይቆማል፤ በመጨረሻም ወደ ዳር ይወጣል። ነጭ ሕዋስም እንዲሁ ያደርጋል። ጕዳት በደረሰበት ቦታ የደም ሥር ግድግዳ ሰሌክቲን የሚባሉ ሞለኪውሎች ያወጣል፤ እነዚህ እንደ ሣሩ ናቸው። ሕዋሱ እነርሱን እየያዘና እየለቀቀ በግድግዳው ላይ ይንከባለላል። በዚህ ጊዜ ከተጐዳው ሥጋ የሚመጣ የኬሚካል መልእክት ይደርሰዋል። መልእክቱም ሲደርስ በሕዋሱ ገላ ላይ ታጥፈው የነበሩ ኢንተግሪን የሚባሉ ሞለኪውሎች ወዲያውኑ ተዘርግተው፥ በግድግዳው ላይ ያለውን አይካም የሚባል ሞለኪውል አጥብቀው ይይዛሉ። ከዚህ በኋላ ሕዋሱ በግድግዳው ቀዳዳ ሾልኮ ወደ እሾሁ ይሄዳል። እንግዲህ ኢንተግሪኖቹ ለሕዋሱ እንደ እጅ ናቸው ማለት ይቻላል።

እነዚህ እጆች ባይኖሩ ምን እንደሚሆን የሚያሳዩ ሕፃናት አሉ። በጣም ጥቂት ልጆች የነጭ ሕዋሳቸው ኢንተግሪን ጐድሎ ይወለዳሉ። እትብታቸው ቶሎ አይወድቅም፤ ቍስላቸው ይመረቅዛል እንጂ መግል አይቋጥርም። ደማቸው ቢመረመር በነጭ ሕዋስ የተሞላ ነው፤ ሆኖም ወታደሮቹ ከመንገድ ወጥተው ወደ ጦሩ ቦታ መድረስ ስለማይችሉ ልጆቹ በቀላል ጀርም ይጐዳሉ። ስለዚህ የወታደሩ ብዛት ብቻውን አይጠቅምም።

ከዚህ የሚበልጥ ሌላ ነገር አለ። መያያዝ ሕዋሱን ለማቆም ብቻ ሳይሆን ለማንቃትም ያስፈልጋል። ቲ ሕዋስ የሚባለው የነጭ ሕዋስ ዐይነት ጠላቱን የሚለየው ሌላው ሕዋስ ይዞ የሚያሳየውን የጀርም ቍራጭ በመዳሰስ ነው። ይህ ዳሰሳ ለብቻው ደካማ ነው። ነገር ግን ኤል ኤፍ ኤ-1 የሚባለው የቲ ሕዋሱ ኢንተግሪን የሌላውን ሕዋስ አይካም ሲይዝ፥ ሁለቱ ተጣብቀው ለብዙ ሰዓት ይቆያሉ። በዚያም ጊዜ የጀርሙ ምልክት ተለይቶ ይታወቃል። አባቶቻችን ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዳሉት፥ አንድ በአንድ ሲታዩ ደካማ የሆኑት ማሰሪያዎች በኅብረት ጠንካራ ይሆናሉ። ይህም ሆኖ ሲ ዲ 28 በሚባለው ሞለኪውል በኩል ሁለተኛ መልእክት ካልደረሰው፥ ቲ ሕዋሱ ከመንቃት ይልቅ ይደነዝዛል። ሰውነት በዚህ ዐይነት ጥንቃቄ ካላደረገ ወታደሩ የገዛ አገሩን ሊወጋ ይችላልና።

መያያዙ ከልክ ሲያልፍም ጕዳት አለው። ነጭ ሕዋሳት ያለ ምክንያት ወደ አንጐል ገብተው የነርቭን ሽፋን የሚያጠፉበት በሽታ አለ። ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ኢንተግሪንን የሚሸፍን መድኀኒት ለዚህ በሽታ ተፈቅዷል፤ ብዙ ሕመምተኞችንም ረድቷል። ነገር ግን በጥቂቶች ላይ አንጐላቸው ጠባቂ በማጣቱ ተኝቶ የነበረ ቫይረስ ተነሥቶባቸዋል። ከዚህ የምንረዳው እጁ በጊዜው መያዝም በጊዜው መልቀቅም እንዳለበት ነው።

አሁን ወደ ቁንጭር ልመለስ። ይህን በሽታ በወሎ ሻህኝ፥ በትግራይ ጊዝዋ ይሉታል። በሽታውን የሚያመጣው ሊሽማንያ የሚባል ረቂቅ ጥገኛ ነው፤ በአገራችን ደጋ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ዐይነት ከ1973 ዓ.ም. ጀምሮ በሳይንስ ቋንቋ በኢትዮጵያ ስም ይጠራል። ጥገኛው በገደልና በዋሻ በሚኖረው በሽኮኮ ገላ ውስጥ ይኖራል፤ ወደ ሰው የሚያመጣውም የአሸዋ ዝንብ የሚባል፥ ድምፅ የማይሰማለት፥ ከትንኝ ያነሰ ነፍሳ ነው።

ሊሽማንያ ወደ ገላችን ሲገባ ማክሮፋጆች ሊበሉት ይመጣሉ። እርሱ ግን ከእነርሱ አይሸሽም። በደማችን ውስጥ በጀርም ላይ የሚለጠፍ ፕሮቲን አለ፤ ማክሮፋጅ ይህን ምልክት በኢንተግሪን እጁ ይይዛል። ጥገኛው ይህን ፕሮቲን እንደ ልብስ ለብሶ፥ ያንኑ እጅ መግቢያ በር አድርጎ፥ ማክሮፋጁ ሳይቈጣ በጸጥታ ይገባል፤ በውስጡም ይራባል። እንግዲህ ጠላት የሚገባው ወታደሩ ሊይዘው በዘረጋው እጅ ነው። መዳን የሚቻለው ቲ ሕዋሳት በጊዜ ነቅተው ወደ ቍስሉ ሲመጡና ማክሮፋጁን በመልእክታቸው አንቅተው በውስጡ የተደበቀውን እንዲገድል ሲያደርጉት ነው። ቲ ሕዋሳት ሳይነቁ በሚቀሩበት ሰው ላይ ግን ቍስሉ በፊትና በገላ ሁሉ ላይ ይሰራጫል፤ ይህ ዐይነቱም በአገራችን ይታወቃል።

አብሮ አደጌ የሆነ አንድ ልጅ በጉንጩ ላይ የቁንጭር ጠባሳ አለው። በክፍል ውስጥ ሁልጊዜ በጠባሳው በኩል ግድግዳ ባለበት ወንበር ላይ ይቀመጣል። በሽታው ሰው አይገድልም ብለው ብዙዎች ይንቁታል፤ በራሱ ጊዜ የሚድንበትም አለ። ነገር ግን እስኪድን ብዙ ወራት አንዳንዴም ዓመታት ይፈጃል፤ ጠባሳውም ከሰው ጋር ያረጃል። ቍስሉ ከሕመምተኛ በመብላትና በመጠጣት አይተላለፍም፤ ስለዚህ በዚህ በሽታ የተያዘን ሰው ማራቅ ምክንያት የለውም። ሕመምተኞች በነፋስ መውጫ ሆስፒታልም ሲታከሙ ቆይተዋል። ቍስሉ ትንሽ ሳለ ወደ ሐኪም መሄድ ከሁሉ ይሻላል።

የሊሽማንያ ወገን የሆነ ሌላ ጥገኛ ደግሞ ካላ አዛር የሚባለውን ገዳይ በሽታ ያመጣል። ይህ በሽታ በ2005 ዓ.ም. በዚሁ በደቡብ ጎንደር፥ በሊቦ ከምከም፥ ተነሥቶ ብዙ ሰው ጨርሷል። በመጀመሪያ ወባ መስሏቸው ስለ ነበር ብዙ ቀን ባክኗል። ጣፊያና ጉበት ውስጥ ገብቶ የሚራባበትም ሕዋስ ያው ማክሮፋጅ ነው። ከጋይንት፥ ከስማዳና ከእስቴ ለሥራ ወደ ሑመራና ወደ መተማ የሚወርዱ ወንድሞቻችን ትኩሳት ሰንብቶባቸው ሆዳቸው ቢያብጥ፥ ይህን በሽታ ማሰብ ይገባል።

እነዚህን በሽታዎች የሚያጠኑ ሊቃውንት በአገራችን አሉ። በአዲስ አበባ በ1970 ዓ.ም. የተመሠረተው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋምና የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በዚህ ሥራ የታወቁ ናቸው። ሆኖም ሥራው ገና ብዙ ሰው ይፈልጋል። ሊሽማንያን አስቀድሞ የሚከላከልና ለሰው ሁሉ የሚሰጥ ክትባት እስካሁን አልተገኘም።

ውድ ጓደኞቼ፥ ሜችኒኮቭ ታላቁን ነገር ያገኘው በውድ መሣሪያ አይደለም። የነበረው አንድ አጉሊ መነጽርና ከግቢው የለቀመው እሾህ ነው። እሾህ በእኛም አገር ሞልቷል፤ አጉሊ መነጽርም በብዙ ትምህርት ቤት ይገኛል። ባዮሎጂን ለፈተና ብቻ ሳይሆን ለወገኖቻችን ቍስል ብለን ብንማር፥ የሊሽማንያን እጅ ከበሩ ላይ የሚያስለቅቀው ሰው ከጋይንት፥ ከስማዳ ወይም ከእስቴ ልጆች መካከል የማይነሣበት ምክንያት አይታየኝም።